እማ ዘሊካ ጎማ ሲያዩ

መኪና የገዛ ሰው ሁሉ፣ ሳይጠራው የሚመጣ አንድ የጎማ መርማሪ አብሮ ይገዛል። ሻጩ ይህን አይነግረውም፤ ሊብሬው ላይም አልሰፈረም። አንዳንዱ መርማሪ ጎረቤት ነው፤ ጥርሱን እየፋቀ ይመጣና የፊት ግራውን ጎማ በእግሩ ጠለዝ አድርጎ፣ «ይቺ ትንሽ ነፋስ ትፈልጋለች» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። አንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በሕይወቱ ከአህያ በቀር ምንም ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ከሁሉም እርግጠኛው ይሄኛው ነው።

ለእኔ የደረሱኝ አማቴ ናቸው።

ጎረቤት ቢሆን «ሥራህን ሥራ» ይባላል። አማትን ማን ደፍሮ እንዲህ ይላል? በእኛ በከሚሴ ሰው አማቱ ፊት ሲያስነጥስ እንኳ ድምፁን መጥኖ ነው። ስለዚህ ክብርት እማ ዘሊካ፣ የባለቤቴ የቶይባ እናት፣ የኮሮላዬ ዋና መርማሪ፣ የአራቱም ጎማዎችና የአምስተኛው ተጠባባቂ ጠቅላይ ኃላፊ፣ ግቢያችን ሲገቡ እኔ ቁልፌን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ።

ኮሮላዋን የገዛኋት ሚሊኒየሙ በገባ ዓመት ነው። ያኔ ከሚሴ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሞባይልና የሞባይል ካርድ እሸጥ ነበር። መኪናዋ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም፤ ቢሆንም መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ ራሴን የማየው እንደ ሾፌር ሳይሆን ለሾፌርነት እንደተፈጠረ ሰው ነበር። አንድ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ፣ በአንድ እጄ መሪ ይዤ፣ በዋናው መንገድ ላይ ከባጃጆቹ መሀል ስሹለከለክ ያየኝ ሁሉ የሚያደንቀኝ ይመስለኝ ነበር። ለቶይባ «እኔና መኪና እንግባባለን» እላት ነበር። መኪናዋን ግን ማንም አልጠየቃትም።

እማ ዘሊካ አጠር ደልደል ያሉ፣ ፈጥነው የሚራመዱ ሴት ናቸው። ጠዋት ሲመጡ «አከም ቡልቴ? ነገያ?» ይሉኛል። መልሴን አይጠብቁም። እኔ «ነገያ፣ አልሐምዱሊላህ» እያልኩ ሳለ ሻርፓቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ቢስሚላህ ብለው ከቀኝ በኩል ጀምረዋል። መጀመሪያ በኮንጎ ጫማቸው ጠለዝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ይደቅናሉ።

«ሰማህ?»

«ምኑን እማ?»

«ይተነፍሳል እኮ!»

ምንም አይሰማም። ከዚያ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው። በመጨረሻ ከመቀነታቸው አንዲት ሳንቲም ፈትተው የጎማው ጥርስ መሀል ያስገባሉ። ሳንቲሟ ጠለቅ ካለች ጎማው ገና ጎረምሳ ነው። ካልጠለቀች «ይሄ ድዱ ቀርቷል» ተብሎ ይፈረድበታል። ቀጥላ ያቺ የታወቀች ቃላቸው ትመጣለች፦ «የመኪና ነፍሱ ነፋሱ ነው፤ የተሳፋሪውም እንደዚያው።» አባባሉን ከየት እንዳመጡት አይታወቅም። ሼኹን ጠይቄ ነበር፤ በየትኛውም ኪታብ አላገኙትም።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጎማ «ሞቷል» ብለው ወደ ጎሚስታ አስነድተውኛል። ጎማ ጠጋኙ ኑርሁሴን መለኪያውን ሰክቶ «ኧረ ምንም አልሆነ፣ እማ ዘሊካ» ሲላቸው፣ መለኪያውንም እንደ ጎማው በእግራቸው ሊሞክሩት ምንም አልቀራቸው። ኑርሁሴን ብልህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲያያቸው መለኪያውን አይሰካም፤ እሱም እንደሳቸው ጠለዝ አድርጎ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ትንሽ ነፋስ ይጨምርላቸዋል። እሳቸውም «ባለሙያ ማለት እሱ ነው» ብለው ይመርቁታል።

ይህ ነገር እንዴት እንደጀመራቸው ቶይባ ነግራኛለች። በወጣትነታቸው ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ወደ ባቲ ገበያ ሲወርዱ፣ በዚያ በቆላው ፀሐይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ተጠባባቂ አልያዘም። ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ሲቀመጥ የእማ ዘሊካ ቅቤ ጥላ አልነበረውም፤ ቀልጦ፣ ከቅሉ አፍ ሞልቶ፣ በመኪናው ጎን ወረደ። ሾፌሩ ሲስቅ አዩት። ሌላ ሰው ቢሆን ቅቤ ንግድ ይተዋል፤ እሳቸው ሾፌር ማመን ተዉ።

ያን ጊዜ የተጀመረው ምርመራ ከሚሴን አዳርሷል። ወደ ኮምቦልቻ የሚጫን ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እማ ዘሊካ ዞረው አይተው «አልሳፈርም» ካሉ፣ ሌላውም ተሳፋሪ ልቡ ይሸፍትና ይወርዳል። ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ጎማቸውን ውሃ ያርከፈክፋሉ፤ እርጥብ ጎማ አዲስ ይመስላል ብለው ነው። አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ላንድክሩዘሩን አቁሞ ምሳ ሲበላ፣ እስኪወጣ ጠብቀው «የኔ ልጅ፣ ሊቀመንበር ነህ አሉ፤ በዚህ መላጣ ጎማ ሕዝቡን ወዴት ልትመራው ነው?» ብለውታል። የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ቀን ደግሞ ሙሽራይቱ ተሸፋፍና መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ ከበሮው እየተመታ፣ እሳቸው አበባ የታሰረበትን መኪና ሲዞሩ ሰርገኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሙሽራው በላብ ተጠመቀ። በኋላ «ሸጋ ነው፣ ሂዱ» ሲሉ እልልታው ለጋብቻው ይሁን ለጎማው አልታወቀም።

እኔስ? እኔ በየሰፈሩ «የጎማዋ አማች» ተባልኩ። ለመሸሽ ያላደረግሁት የለም። መኪናዬን ጎረቤት ግቢ አሳድሬያለሁ። በጓሮ በር ወጥቻለሁ። አንድ ቀን ሁሉንም ተገላገልኩ ብዬ ሞተር አስነስቼ ስወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርት ከሚገዙበት «ሪድዋን! ቁም!» አሉኝ። ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረው ባጃጅም ቆመ። ሁለታችንንም አዩን።

አሁን የማወራው ግን ሰኞ ቀን የሆነውን ነው።

በጠዋት ከባቲ ተደወለ። የቶይባ ታናሽ እህት ኢማን በሰላም ተገላግላለች፤ ወንድ። ሁላችንም ከመደሰታችን በፊት እማ ዘሊካ የገንፎውን ዱቄት፣ ቅቤውን፣ ማሩን፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎችን ግቢያችን ውስጥ ከምረውት ነበር። እኔም ጫንኩ። እሳቸው በቀኝ ጀምረው ዞሩ። የኋላ ግራውን ጎማ ሲደርሱ ሳንቲሟ ጥርሱ ውስጥ ሰጠመች።

«እሰይ! ከአራቱ ምርጧ ይቺ ናት» አሉና እንደ ላም መታ መታ አደረጓት። ከዚያ ቀና ብለው «እስኮርታውስ?» አሉ።

ተጠባባቂው ጎማ ከኋላ፣ ከዕቃው ሥር ተኝቷል። በላዩ ላይ ዱቄቱ፣ ማሩ፣ ዶሮዎቹ አሉ። እሱን ለማየት ያን ሁሉ ማውረድ ነው።

«አለ» አልኩ።

«መኖሩንስ አለ። ነፋሱን አይተሃል?»

«እማ፣ እሱ እኮ ተኝቶ ነው የሚኖር። ምን ይሆናል?»

«የተኛ ሰው አይሞትም?»

ቶይባ ሳቀች። ሚስት ስትስቅ ባል ጀግና ይሆናል፤ ይህ የታወቀ ነው። «እማ፣ ኢማን ብቻዋን ናት፤ እየጠበቀችን ነው» አልኩና ሞተሩን አስነሳሁ። የኢማን ስም ሲነሳ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሳንቲማቸውን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ገቡ። በትዳር ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቴን ረታሁ! የጨፋን ሜዳ እያፏጨሁ አቋረጥኩት፤ ሐርቡን አለፍኩ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስንታጠፍም ገና አፌ አልተዘጋም።

ወደ ባቲ የሚወስደው መንገድ ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ደግሞ ይወርዳል። እማ ዘሊካ ከኋላ ወንበር «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ክንዴን በመስኮት አውጥቻለሁ። አንዱን ጥምዝ እንደጨረስን «ጧ!» አለ። የመኪናዋ ጀርባ ተወዛወዘ፤ ዶሮዎቹ ጮኹ፤ ቶይባ «ያ ረቢ!» አለች። በሁለት እጄ መሪውን ይዤ — አዎ፣ ሁለተኛውን ያኔ አስታወስኩት — እየተንገጫገጭን ዳር ላይ ቆምን።

ወርደን አየን። የፈነዳው የኋላ ግራው ነው። ምርጧ።

ቅንድቤን ብቻ ወደ ላይ አደረግሁ።

«ዓይን በላት» አሉ እማ ዘሊካ፤ ጎማውን እንጂ እኔን አላዩም። «ሳወድሳት ማሻአላህ ማለቱን ረስቼ!»

ደስ አለኝ። ጎማዬ ፈንድቶ፣ ቁልቁለት ላይ ቆሜ፣ ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ ደስ አለኝ። በዚያ ደስታ ዕቃውን በሙሉ አወረድኩ፤ ዶሮዎቹን ለቶይባ አስያዝኩ፤ ተጠባባቂውን ጎማ ጎትቼ አወጣሁና ከመኪናዋ ኋላ፣ አስፋልቱ ላይ አቆምኩት። «አጋድመው እንጂ» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ። «አብሽሩ እማ፣ አብሽሩ» ብዬ ክሪኩን ላመጣ ዞርኩ።

«ሪድዋን! ጎማህ ሄደ!»

ዞር ስል እውነትም ሄዷል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ሐሳቡን ገና እንዳልወሰነ ሰው ነበር። ከዚያ ወሰነ። እኔም ተከተልኩት። ከታች፣ ጥምዙ ጋ፣ ከባቲ ገበያ የገዙትን ፍየሎች እየነዱ ዳገቱን የሚወጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ መንገዱ መሀል ናት፤ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች።

«ጎማ! ጎማ!» እያልኩ ጮህኩ።

ሰው «ጅብ!» ሲባል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። «ጎማ!» ሲባል ግን ቆሞ ያያል። ሴትየዋም ቆማ አየችኝ፤ የምትሰማው አንድ ጫማው የወለቀ ሰው የጎማ ስም እየጠራ ሲሮጥ ነው። ጎማው አንድ ድንጋይ አገኘና ነጠረ። ልቤ አብሮት ነጠረ። በዚያች ቅጽበት ባልየው ዱላውን ጥሎ፣ ክንዷን አፈፍ አድርጎ ወደ ዳር ጎተታት። ጎማው የቆመችበትን ቦታ ተሻግሮ፣ ፍየሎቹን ለሁለት ከፍሎ፣ ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተላተመና ወደቀ።

እያለከለክሁ ደረስኩ። ሴትየዋ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች።

«ልጅ አዝያለሁ እኮ!» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አውፍ በዪኝ እህቴ፣ ለአላህ ብለሽ አውፍ በዪኝ» አልኳት።

ባልየው ጎማውን ሲያነሳ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። እኔን አየኝ፤ ጎማውን አየ። «ወንድሜ፣ ይሄ ነፋስም የለው» አለ። ለመርማሪ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ፤ በረሃ ለበረሃም ይከተለኛል። ሆኖም አደም — ስሙ አደም ነው — ፍየሎቹን ለሚስቱ ትቶ ጎማውን እያንከባለለ አብሮኝ ወጣ። እኔ እንድይዘው አልፈቀደልኝም።

እማ ዘሊካ ስንደርስ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ሰው ተጎዳ?»

«ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ አደም።

«እንግዲያ አጋድመው። እዚህ ወዲህ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ክሪኩ አጠገብ አስገባው።»

«ከሥሯ? ለምን?» አልኩ።

«ክሪክ ይከዳል። መኪናው ቢወድቅ ጎማው ላይ ይውደቅ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሆዴ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን በጎማ ሰው ልገድል ነበርና የምስቅበት ሆድ አልነበረኝም። አስገባሁት። እሳቸውና ቶይባ ድንጋይ እየተሸከሙ የፊት ጎማዎቹን አስደገፉ። ቶይባን «አንቺ ራቅ በይ» አሏት። እኔ ክሪኩን የመንገዱ ዳር አፈር ላይ ተከልኩና አነሳኋት፤ ብሎኖቹን ፈታሁ፤ የፈነዳውን ጎማ ነቅዬ አወጣሁ። ከብሎኖቹ አንዱ ከእጄ አመለጠና ተንከባሎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ያን ቀን ከእኔ የማይሸሽ ክብ ነገር አልነበረም።

በሆዴ ተኛሁ፤ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ዳበስኩ። ጣቴ ብሎኑን ሲነካ አፈሩ ተናደ። ክሪኩ ዘመመ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ «ቋ!» ብሎ ወጣ። መኪናዋ ወረደች።

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቶይባ ስትጮህ ሰማሁ። ከዚያ ምንም። ስገልጠው የመኪናዋ ብረት ከክንዴ በላይ ቆሟል፤ የክንዴን ፀጉር እስኪነካ ቀርቦ፣ ግን ቆሟል። ያ ነፋስ የጎደለው፣ ሰው ሊገድል የነበረ ጎማ ተጋድሞ፣ ተጨፍልቆ፣ መኪናዋን በጀርባው ተሸክሟታል።

«እጅህን አውጣ» አሉ እማ ዘሊካ። ሹክሹክታ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

አወጣሁ። እሳቸው መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ፤ እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረጉ ዳበሱ። አውራ ጣቴን ሲጨርሱ ደግመው ከትንሿ ጀመሩ። «አላልኩህም?» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ቃሉን በዝግጅት ነበር የጠበቅሁት፤ አንገቴን ሁሉ ደፍቻለሁ። አላሉም። እንባቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ አደም ዞሩ።

«ልጄ፣ እስቲ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልግ። ለክሪኩ።»

አደም አመጣ። ክሪኩን ድንጋዩ ላይ አቁሜ እንደገና አነሳኋት፤ የፈነዳውን በተጠባባቂው ቦታ ከሥሯ አጋድሜ፣ ተጠባባቂውን ገጠምኩ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ፍየሎቹን እየነዳች ለደረሰችው ለአደም ሚስት እማ ዘሊካ ከማሩ ቀድተው ሰጧት፤ የልጁንም ግንባር ሳሙት። ከዚያ በዚያ ለስላሳ ጎማ፣ በሰው እርምጃ፣ ባቲ ገባን። ከኋላ «ሱታ» የሚለኝ አልነበረም። ከዚያ በላይ ቀስ ቢባል መቆም ነው።

ኢማን ቤት ስንደርስ እማ ዘሊካ እጃቸውን ታጥበው ሕፃኑን ተቀበሉ። ከጨርቁ ፈቱት። ያን የመሰለ ወፍራም ጭን አየሁና ልቤ ፈራ፤ አልተሳሳትኩም። በአውራ ጣታቸው አንዱን ጫን፣ ሌላውን ጫን አደረጉት።

«ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አሉ፤ ሁለት ጊዜ፣ አንዷ ለጠዋቱ ትሁን። «ይህስ ደህና ተነፍቷል።»

ኢማን እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ወጥቼ ጎሚስታ ፈለግሁ።

ያ ካለፈ በኋላ ለዒድ የእማ ዘሊካ የወንድም ልጅ ሙሀመድኑር ከአዲስ አበባ መጣ። መኪናው ገና የፋብሪካ ሽታ አለው። ለዘመድ ጥየቃ ሁላችንም ጨፋ ሮቢት ልንሄድ ነበርና ለአክስቱ የፊተኛውን በር በትሕትና ከፈተላቸው። እሳቸው መጀመሪያ ዞሩ። ሳንቲሟ በአራቱም ሰጠመች። ኋላውን አስከፍተው ተጠባባቂውንም አዩት። አንድ እንከን አልተገኘም። ከዚያ የተከፈተውን በር አልፈው መጡና ወደ እኔ ኮሮላ አመሩ።

«አክስቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ሙሀመድኑር፤ ከልቡ ከፍቶታል።

«ምንም አላጠፋህ፣ የኔ ሸጋ። መኪናህም ሸጋ፣ ጎማህም ሸጋ ነው።»

«ታዲያ?»

እኔ ከመኪናዬ ማዶ መስታወት እወለውላለሁ። የማልሰማ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የእማ ዘሊካ ዝቅ ያለ ድምፅ ግን አውቶቡስ ተራ ድረስ ይሰማል።

«አንተ መንዳት ታውቃለህ። የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይሰማም። ሪድዋን መንዳትስ አይችልበትም፤ ቁም ስለው ግን ይቆማል። ልጄን አምኜ ሰጥቼው የለ? እኔንም እሱው ይውሰደኝ።»

ዘመድ ሁሉ በቆመበት መንዳት አይችልም ተባልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም። ፊቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ጨርቄን ይዤ ከፊት ግራው ጎማ ሥር ቁጢጥ አልኩና ጥርሱን መቁጠር ጀመርኩ።

እማ ዘሊካ ገብተው ተደላደሉ። ትንሽ ጠበቁኝ።

«ሪድዋን! እሱን አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ና ግባ!»

«መጣሁ እማ» አልኩ። ግን የዓይኔ እንባ እስኪደርቅ ድረስ ጎማውን አየሁ።